ሦስተኛውን ልመና የጠበቀው ባቡር

ተረት ተረት!

«የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ አየኋችሁ። ዛሬ ላም የለችበትም። ዛሬ «የጓሮ ባቡር» በሉኝ። ቤት ባይመታም ቻሉት።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ይህን ተረት የሚያወራው አፌ ራሱ ያፈረ አፍ ነው። ስለዚህ በባቡሩ ስትስቁ ቀስ ብላችሁ ሳቁ።

ድሮ ድሮ፣ ብረት አንደበት በነበረው ዘመን፣ ማንኪያና ድስት ሲጣሉ ጎረቤት ገብቶ በሚያስታርቅበት ዘመን፣ ባቡር በሚያልፍባት በአንዲት የቆላ ከተማ ጋሽ ዘውገ የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። ጋሽ ዘውገ ሠላሳ ዓመት ባቡር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይ ጸሎት ያበዛል፣ ወይ ዳማ ይጫወታል። የእሳቸው ጆሮ ግን ፊሽካ ለምዶ ነበርና የቤቱ ጸጥታ አላስቀምጥ አላቸው።

ስለዚህ በጓሯቸው ሐዲድ ዘረጉ። ከፓፓያው ዛፍ ተነስቶ ወደ ዶሮ ቤቱ፣ ከዶሮ ቤቱ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ፣ ከገመዱ ተመልሶ ወደ ፓፓያው። ሐዲዱ ወርዱ አንድ ስንዝር ነው። ቀጥለው ባቡሩን ሠሩት። ሆዱን ከመዳብ በርሜል፣ መንኮራኩሮቹን ከወፍጮ ቤት ቁርጥራጭ ብረት፣ ጭስ ማውጫውን ከአሮጌ የምድጃ ቧንቧ፣ ፊሽካውን ከናስ አበጁት። ሁለት ዓመት ፈጀባቸው።

ባለቤታቸው እትዬ ደብሪቱ መጥተው አዩና፣ «ይኼ ሁሉ ድካም ለአሻንጉሊት?» አሉ።

«ቀስ በይ፣ አሻንጉሊት አትበይው፤ ይሰማል» አሉ ጋሽ ዘውገ። ስሙንም አንበርብር አሉት።

እውነትም ይሰማ ነበር። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ሰው ስለ እሱ የሚለውን ሁሉ ይሰማ ነበር።

አሁን የአንበርብርን ቤተሰብ ላስተዋውቃችሁ፤ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው መስታወት ነው። ቀጭን ነው፣ ከአንበርብር ጀርባ ተለጥፎ ሆዱ ውስጥ ስንት ውሃ እንዳለ ያሳያል። አራት ጣት ውሃ ካለ አራት ጣት፣ አንድ ጣት ካለ አንድ ጣት። ቢለምኑት አይጨምርም፣ ቢቆጡት አይቀንስም።

ሁለተኛው ጭስ ነው። ጭስን ታውቁታላችሁ፤ የማይገባበት የለም።

ሦስተኛው ውታፍ ነው። ውታፍ ከእርሳስ የተሠራ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ነገር ነው። እርሳስ ስላችሁ የሚጻፍበትን አይደለም፤ እሳት ሲያየው እንደ ቅቤ የሚቀልጠውን ለስላሳ ብረት ነው። ከአንበርብር ሆድ ሥር ባለው ምድጃ ጣሪያ ላይ ያለችውን አንዲት ቀዳዳ ደፍኖ ይቀመጣል። እግሩ እሳት ውስጥ ነው፣ ራሱ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ራሱን ስለሚያቀዘቅዝለት እግሩ ቢነድም አይቀልጥም።

አንበርብር በተሠራ ሰሞን ይህን ውታፍ አየና፣ «አንተ ደግሞ ሥራህ ምንድን ነው?» አለው።

«መቀመጥ» አለ ውታፍ።

«መንኮራኩር ይዞራል፣ ፊሽካ ይጮኻል፣ ሐዲድ ይሸከማል። አንተ ትቀመጣለህ?»

«የእኔ ሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው የሚሠራው» አለ ውታፍ። «እሷም ቀን ባትመጣ ደስ ይለኛል።»

«አይ ሥራ ፈት!» አለ አንበርብር። ውታፍም እዚያው ተቀመጠ።

አንበርብር ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ የጠጣ ቀን አውራ ዶሮው አጥሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጋሽ ዘውገ አንድ ባልዲ ሙሉ ሲያንቆረቁሩለት አይቶ ክንፉን አራገበ።

«ኧረ ጉድ! ኧረ ጉድ! ሙሉ ባልዲ ጨለጠው! ይኼ ባቡር ነው ወይስ ግመል? ግመልስ ከጠጣ ሳምንት ይቆያል!»

ዶሮዎቹ ሁሉ ሳቁ። ፍየሏ ሳቀች። ኤሊ እንኳ፣ ማንንም የማታማ ኤሊ፣ አንገቷን ወደ ውስጥ ከታ ሳቀች። አንበርብር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር። መዳቡ በተፈጥሮው ቀይ ባይሆን ኖሮ መቅላቱን ሁሉም ባየው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ የሚለው ቃል ሲነሳ ያፍር ጀመር። ባቡር ያለ ውሃ ምን ሊሆን ነው? ዓሣ ውሃ ጠጣ ተብሎ ያፍራል? አንበርብር ግን አፈረ።

አንድ ቀን እትዬ ደብሪቱ እንግዶች ጠርተው በረንዳው ላይ ምሳ አቀረቡ። አንበርብር ከፓፓያው ሥር ሆኖ ሁሉን አየ።

«ብሉ እንጂ!» አሉ እትዬ ደብሪቱ።

«ኧረ ጠግበናል» አሉ እንግዶቹ።

«ኧረ ምን በላችሁና! ጨመር አድርጉ።»

«ኧረ በቃን፣ እግዜር ይስጥልን።»

«በሞቴ! አፈር ስሆን!»

ያን ጊዜ እንግዶቹ እጃቸውን ዘረጉና አጥግበው በሉ። ማንም «ሆዳም» አላላቸውም። እንዲያውም ሲወጡ እትዬ ደብሪቱ፣ «እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው!» አሉ።

አንበርብር በደስታ አፏጨ። «ለካ ብልሃቱ ይኼ ነው! ጨዋ ሁለት ጊዜ እምቢ ይላል። በሦስተኛው 'በሞቴ' ይሉታል፣ ለሰው ብሎ ይቀበላል። ከዚህ በኋላ እኔም እንዲሁ ነኝ።»

አትሳቁ ብያለሁ። እኔ ራሴ በጎረምሳነቴ ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳልቀምስ አጎቴ ቤት ሄድኩ። «ብላ» አሉኝ፤ «በልቻለሁ» አልኩ። «ኧረ ብላ» አሉኝ፤ «አሁን ነው የበላሁት» አልኩ። ሦስተኛውን ስጠብቅ መሶቡን ከድነው አነሱት። የክዳኑ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ግን ሆዴን ታቅፌ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት። ባቡር ሲራብ የሚሆነው ሌላ ነው።

ከዚያ ጋሽ ዘውገ ባቡሩን ለሰው የሚያሳዩበት እሑድ ደረሰ። ጎረቤት ተጠራ። የድሮ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ዘይት የጠገበ ቱታቸውን አጥበው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ሕፃናት ሦስቱን ትንንሽ ፉርጎዎች ሞሉ። ጋሽ ዘውገ ከአንበርብር ኋላ ተቀመጡ፤ ጉልበታቸው የባቡሩን ሆድ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

አንበርብር ያን ሁሉ ሰው ሲያይ ጨነቀው። መስታወትን በሹክሹክታ ጠራው።

«ወንድሜ መስታወት፣ ዛሬ እንኳ ሸፋፍነኝ። ውሃዬ ቢጎድልም ሙሉ ነው በል።»

«እኔ አልናገርም» አለ መስታወት። «ያለውን ነው የማሳየው። ከሌለህ ምን ላሳይልህ?»

ጭስ ይህን ሰምቶ እየተጥመለመለ መጣ። «ለዚህ ነው የምትጨነቀው? እኔ ምን ልሠራ ተፈጠርኩ!» ብሎ መስታወቱን በጥላሸት ለቀለቀው። መስታወቱ ጠቁሮ ምንም የማይታይበት ሆነ። ጭስ ወዳጅነቱ እንዲህ ነው፤ ይሸፍንሃል፣ ከዚያ ዓይንህን ያቃጥልሃል።

«እኔን ብትሸፍነኝ ውሃው አይጨምርልህም» አለ መስታወት ከጥላሸቱ ሥር። አንበርብር ግን እንዳልሰማ ሆነ።

ፊሽካው ጮኸ። ቹፍ ቹፍ፣ ቹፍ ቹፍ፤ ከፓፓያው ወደ ዶሮ ቤቱ፣ ከዶሮ ቤቱ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ፓፓያው። ሕፃናቱ ጮኹ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ወደ ላይ አነሱ። የመጀመሪያው ዙር አለቀ።

ውታፍ ከውስጥ ተናገረ። «አንበርብር፣ ውሃው ከራሴ በላይ አራት ጣት ነበር። አሁን ሁለት ጣት ነው።»

ጋሽ ዘውገ ጎንበስ አሉ። መስታወቱ ጠቁሮ አዩት፤ ሊጠርጉት የልብሳቸውን ጫፍ ያዙ።

«ኧረ ጋሼ!» አለ አንበርብር። «በእንግዳ ፊት ጀርባዬን አይፈትሹኝ። ያሳፍረኛል።»

ጋሽ ዘውገ ቀና ብለው የድሮ ባልደረቦቻቸውን አዩ። ባልደረቦቻቸው እሳቸውን ያያሉ። የገዛ ባቡሩን የማያምን መካኒክ መምሰል አልፈለጉም። የልብሳቸውን ጫፍ ለቀቁት።

«እሺ፤ ውሃ ልጨምርልህ?»

«ኧረ ጠግቤያለሁ፣ ጋሼ።»

«መልካም» አሉ ጋሽ ዘውገ።

ሁለተኛው ዙር። ቹፍ ቹፍ፣ ቹፍ ቹፍ፤ ፓፓያ፣ ዶሮ ቤት፣ ገመድ፣ ፓፓያ። እልልታው ጨመረ። አውራ ዶሮው እንኳ ባቡሩ ሲያልፍ አንገቱን ሰገግ አድርጎ በአድናቆት አየ። አንበርብር ይህን ሲያይ የጠጣው ውሃ ሁሉ ክብር የሆነለት መሰለው።

«አንበርብር፣ ውሃው ግንባሬን ብቻ ነው የሚያረጥበኝ» አለ ውታፍ።

«ዝም በል፤ አሁን ይጠይቁኛል።»

ጋሽ ዘውገም ጠየቁ። «ልጨምርልህ እንዴ?»

አንበርብር ውሃው ባልዲ ውስጥ ሲያብረቀርቅ አየ። ጉሮሮው ደርቆ ነበር። አውራ ዶሮውም አጥሩ ላይ ነበር።

«ኧረ በቃኝ፣ ጋሼ! እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በልቡም፣ «አሁን አንዴ ብቻ። አንዴ 'በሞቴ' ይበሉኝ፣ እጠጣለሁ» አለ።

ጋሽ ዘውገ ግን የብረት ሰው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከብረት ጋር ሲኖሩ ብረት ሲግደረደር አይተው አያውቁም። ሁለት ጊዜ ጠግቤያለሁ ካለ ጠግቧል አሉና ባልዲውን አንስተው ከፓፓያው ኋላ አስቀመጡት።

አንበርብር ያን ባልዲ ሲሄድ አየው። እኔ የመሶቡን ክዳን እንደሰማሁት ማለት ነው።

«ይደገም! ይደገም!» አሉ ሕፃናቱ።

«ይደገማ!» አሉ ጋሽ ዘውገ፣ በኩራት።

ሦስተኛው ዙር ተጀመረ። ዶሮ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ውታፍ፣ «አንበርብር፣ ራሴ ደረቀ» አለ።

አንበርብር ዝም አለ።

«ወንድሜ፣ ስማኝ። ሆድህ ባዶውን እየነደደ ነው። እንዲህ ከቀጠለ መዳቡ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። ጋሽ ዘውገ ጉልበታቸው አጠገብህ ነው። ከኋላቸው ሕፃናት አሉ። አንዲት ቃል ተናገር። 'ጠማኝ' በል።»

አንበርብር አፉን ከፈተ። ቃሏ እምላሱ ላይ ደርሳለች። ቀና ሲል አውራ ዶሮው ቁልቁል ያየዋል፤ ሽማግሌዎቹ ያዩታል፤ እትዬ ደብሪቱ እንኳ፣ አሻንጉሊት ያሉት እትዬ ደብሪቱ፣ እያጨበጨቡለት ነው። «ሁለት ጊዜ በቃኝ ብዬ አሁን ጠማኝ ልበል? ውሸታም መሆኔ ነው እኮ» ብሎ አሰበ።

አፉን መልሶ ገጠመው። ገመዱን አለፉ።

«እንግዲያው ቀኔ መጣች» አለ ውታፍ። «ደህና ሁን፣ አንበርብር። አልተቀየምኩህም።»

ውታፍ ቀለጠ። በዘጋት ቀዳዳ የቀረው እንፋሎት እያፏጨ ወደ ምድጃው ወረደ፤ እሳቱ ላይ ተረጭቶ አጠፋው። አመድና ጭስ ጓሮውን ሞላው። አንበርብር ከፓፓያው አሥር እርምጃ ሲቀረው ቆመ። ማንም አልተነካም። አንድ ሕፃን አስነጠሰው፣ ያ ብቻ ነው።

ጭስ ግን የለም። በአጥሩ ላይ ዘሎ ወደ ጎረቤት ሄዷል።

ጋሽ ዘውገ ወረዱ። የልብሳቸውን ጫፍ አውጥተው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ መስታወቱን ጠረጉት። ባዶ ነው። ጠብታ የለበትም። አንበርብር እንዲቆጡት ጠበቀ፤ ቢመቱት እንኳ በወደደ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ባልደረቦቻቸው ዞሩ።

«እኔ አለሁበት» አሉ። «'መስታወቱን ሳታይ እግርህን አታንሳ' ብዬ ስንቱን ወጣት የቀጣሁ ሰው ነኝ። ዛሬ እናንተ ትስቁብኛላችሁ ብዬ ሳልጠርገው ሄድኩ። የሰው ልጆች ጭኜ።»

ማንም አልሳቀም። እናቶቹ ልጆቻቸውን እያቀፉ አንድ በአንድ ወጡ። ደህና ዋሉ ያለም አልነበረም። አውራ ዶሮው ክንፉን ሰብስቦ ከአጥሩ ወረደ። ጋሽ ዘውገ ምድጃውን ጎርጉረው ከአመዱ ውስጥ አንዲት የእርሳስ ጠብታ አወጡ፤ በመዳፋቸው ይዘዋት ወደ ቤት ገቡ።

አንበርብር አንድ ወር በሸራ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ዝናብ ጣለ፣ ፀሐይ ወጣ፤ ከሸራው ሥር ሆኖ አፍሮ ተቀመጠ። ኤሊ አልፎ አልፎ መጥታ ትጠይቀው ነበር፤ አይመልስላትም። ሥራ ፈት ያለው ውታፍ የሠራውን ሥራ ያስብ ነበር። «አልተቀየምኩህም» ያለው ቃል ከስድብ ይልቅ ያቃጥለው ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ ዘውገ መጡና ያችኑ የእርሳስ ጠብታ እንደገና አቅልጠው፣ አዲስ ውታፍ ሠርተው ቀዳዳዋን ደፈኑ። አንበርብር ልቡ ዘለለ። ያው እርሳስ ነው! ያው ውታፍ ነው!

«ወንድሜ! መጣህልኝ!» አለ። «ይቅር በለኝ። ሥራ ፈት ብዬህ ነበር፤ ዝም ብዬ አስቀልጬህ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«ለምኑ ነው ይቅር የምልህ?» አለ አዲሱ ውታፍ። «እኔ እኮ ዛሬ መወለዴ ነው።»

ጥፋትን ማመን ከባድ ነው፤ ይቅር የሚል ማጣት ግን ይብሳል።

«ከእኔ በፊት እዚህ ማን ነበር?» አለ አዲሱ ውታፍ።

እንግዲህ አንበርብር ነገረው። ስለ ባልዲው፣ ስለ አውራ ዶሮው፣ ስለ ጥላሸቱ፣ ሁለት ጊዜ በቃኝ ስለማለቱ፣ ሦስተኛውን ስለመጠበቁ። አንድም አልደበቀም። አዲሱ ውታፍ ሰምቶ ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ታዲያ እኔንም ታስቀልጠኛለህ?»

ልጆቼ፣ ከዚህ ጥያቄ የሚብስ ጥያቄ አላውቅም። መልሱም የሚታወቀው ሰው ፊት ነው።

እንግዶቹ እንደገና ተጠሩ። ግማሾቹ ብቻ መጡ። ሕፃናቱንም እናቶቻቸው ከዳር ያዟቸው፤ ፉርጎዎቹ ባዶ ነበሩ። አውራ ዶሮው አጥሩ ላይ ወጣ። አንበርብር የጀርባው መስታወት ጸድቶ፣ እሳቱ ነድዶ ቆመ። ጋሽ ዘውገ ወደ መስታወቱ ከመጎንበሳቸው በፊት፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ አንዴም ሳይለመን፣ አንበርብር ተናገረ።

«ጋሼ፣ ውሃ ጠምቶኛል።»

አውራ ዶሮው አንገቱን አስረዘመ፤ አፉን ከፈተ።

«ባለፈውም ጠምቶኝ ነበር» አለ አንበርብር፣ በዚያው አንገቱን ደፍቶ። «አፍሬ ዋሸሁ። በእኔ እፍረት ሌላው ቀለጠ። ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኔን አይጠይቁኝ። አፌ ሰው ፊት ይዋሻል። መስታወቱን ይዩ።»

አውራ ዶሮው አፉን ገጠመ። ባልዲውን ያነሱት እትዬ ደብሪቱ ነበሩ። ውሃውን ሲያንቆረቁሩ ከሆዱ ውስጥ ትንሽ ድምፅ ተሰማ።

«ራሴ ረጠበ» አለ አዲሱ ውታፍ።

አንበርብር ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተናገረም። ብረት ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ አፉን ዘጋ ይባላል። ስለዚህ ነው ዛሬ መኪናም፣ ባቡርም ሲጎድልባቸው በመስታወት የሚያሳዩን። እኛ ሰዎች ግን በጀርባችን መስታወት የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶች፤ እኔ ደግሞ የአንበርብርን ልጨምርላችሁ፦ ጥማቱን የደበቀ፣ የሚቀልጥለት ሌላ ነው።

ተረቴ አለቀ። በዳቦ አፌን አብሱ አልላችሁም፤ አንድ ጣሳ ውሃ ስጡኝ። ሦስት ጊዜ አትለምኑኝ፤ ጠምቶኛል።